ኪራዩ ለምን ረክሶ ጠበቀን? ዋሽንግተን ዲሲ በ1968

እንደምን ዋላችሁ! አባቶች፣ እናቶች፣ እህት ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ። ልጆች፣ እናንተም እንደምን ዋላችሁ። እዚያ ኋላ ስልክ ላይ ያላችሁት ጭምር። አይ አይ፣ አታጥፉት፣ ድምፁን ብቻ ቀንሱልኝ።

ማይኩ ይሰማል? እሺ።

አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። "ጋሼ፣ ለወጣቶቹ ስለ ዲሲ ታሪክ ሃያ ደቂቃ አውራልን" ብለው ሲደውሉልኝ ስቄ ነበር። እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። በ1984 በሱዳን አድርጌ መጣሁ፣ ፓርኪንግ ሠራሁ፣ ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነዳሁ። ግን ታክሲ የነዳ ሰው ሁለት ነገር ያውቃል፤ መንገድና የሰው ወሬ። ዛሬ የማወራችሁ ከሁለቱም የተቀዳ ነው። የጎደለውን ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ላይብረሪ ቁጭ ብዬ ሞልቼዋለሁ፤ ባለቤቴ ምስክር ናት፣ "ሥራ ያዝክ እንዴ?" እያለች ስትስቅብኝ ነው የከረመችው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ዩ ስትሪት ሄዶ ክትፎ ያልበላ አለ? እጅ ያውጣ። አያችሁ፣ አንድም የለም። ዘጠነኛው መንገድ ላይ ቡና ያልጠጣስ? የለም። ሁለተኛ ጥያቄ። ይሄ ሁሉ ከተማ እያለ እኛ ለምን እዚያ ሄድን? ለምን ዩ ስትሪት? ... ምን አልክ? "ኪራዩ ርካሽ ስለነበር።" ጎሽ! ልክ ነህ። እንግዲህ ሦስተኛው ጥያቄ ነው እዚህ ያቆመኝ። ኪራዩ ለምን ረከሰ? ከዋይት ሀውስ በታክሲ ስድስት ሰባት ደቂቃ የሆነ ቦታ፣ በዓለም ሀብታም በሆነው አገር ዋና ከተማ መሀል፣ ኪራይ ለምን ይረክሳል?

ዝም አላችሁ። አይዟችሁ፣ እኔም አንድ ሰው እስኪነግረኝ ድረስ ጠይቄ አላውቅም።

መልሱ ያለው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። 1968። ዓመቱን ሁሉ የፈረንጁን ነው የምላችሁ፤ በእኛ 1960 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሦስት ነገር አወራለሁ። አንደኛ፣ ከእሳቱ በፊት ከተማው ምን ይመስል እንደነበር። ሁለተኛ፣ ያ ሳምንት። ሦስተኛ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው፣ እኛም የገባንበት። ከመስመር ከወጣሁ እጃችሁን አንሱ። እወጣለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

እሺ፣ አንደኛው።

ከተማው ያኔ ዛሬ ካለው የበለጠ ሰው ነበረበት። በ1970 ቆጠራ 756,510 ሕዝብ። ከአሥሩ ሰባቱ ጥቁር። ዩ ስትሪት ደግሞ የዚህ ሕዝብ ፒያሳ ነበር። መሀል ከተማ ሄዶ ቁጭ ብሎ ምሳ መብላት በተከለከለበት ዘመን፣ ዩ ስትሪት ላይ የራሱ ባንክ፣ የራሱ ቲያትር፣ የራሱ ሐኪምና ጠበቃ ነበረው። ዱክ ኤሊንግተን የተወለደው እዚሁ ዲሲ ነው። ሊንከን ቲያትር ዛሬም አለ፣ በፊቱ ስንት ጊዜ አልፋችኋል። በ1968 ያ ድምቀት ትንሽ ደብዘዝ ብሏል። ክልከላው ሲነሳ ገንዘብ ያለው ሰው ወደ ሌላ ሠፈር መሄድ ጀምሮ ነበር። ሱቁ ግን ሙሉ ነው። መንገዱ ሙሉ ነው።

ከላይ ኮረብታው ላይ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ከመስመር ልውጣ፤ ገና ከአሁኑ! ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት ሃዋርድ ነው። በጣሊያን ጊዜ እዚህ አገር ያለውን ጥቁር ሕዝብ ለኢትዮጵያ ያስተባበሩት መላኩ በያን። ጃንሆይም በ1954 ሲመጡ ሃዋርድ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። ይሄን የማነሳው ለምን መሰላችሁ? እኛ ለዚያ ሠፈር ባዕድ አልነበርንም። እነሱ እኛን ያውቁን ነበር። ሳንተዋወቅ የኖርነው እኛ ነን።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ይሄ ሁሉ ሕዝብ ከንቲባ አይመርጥም። የከተማ ምክር ቤት አይመርጥም። ለፕሬዝዳንት እንኳ ድምፅ መስጠት የጀመረው በ1964 ነው። እኛ መኪና ላይ "ግብር ያለ ውክልና" የሚል ታርጋ ለጥፈን ስንዞር የነበረው እኮ ለጌጥ አይደለም! ከተማውን የሚያዘው ኮንግረስ ነበር። የዲሲን ጉዳይ የያዘው የምክር ቤት ኮሚቴ ሊቀመንበር ጆን ማክሚላን የሚባሉ የሳውዝ ካሮላይና ሰው ነበሩ። በ1967 ፕሬዝዳንት ጆንሰን ዋልተር ዋሽንግተን የሚባሉ ጥቁር ሰው ከንቲባ አድርገው ሾሙ። ሾሙ ነው የምላችሁ፣ የመረጠ የለም። ዋልተር ዋሽንግተን የመጀመሪያ በጀታቸውን ወደ ኮንግረስ ሲልኩ ማክሚላን ምን መለሱ? በጭነት መኪና ሙሉ ሀብሐብ ላኩላቸው።

ልጆቹ ገብቷቸዋል፣ ፊታቸውን እዩት። ለእኛ ለትልልቆቹ ላስረዳ። አገር ቤት ሰው ሀብሐብ ቢልክልህ "እግዜር ይስጥልኝ" ብለህ ቆርጠህ ትበላለህ። እዚህ አገር ለጥቁር ሰው ሀብሐብ መላክ የቆየ ስድብ ነው። ያውም ለከንቲባ።

በዚያ ላይ መንግሥት አውራ ጎዳና በሠፈራቸው መሀል ሊሰነጥቅ ነው። "የነጮች መንገድ በጥቁሮች ቤት ውስጥ" እያሉ ይቃወሙ ነበር። ከዚያ ትግል በኋላ ነው የጎዳናው ገንዘብ ወደ ሜትሮ ባቡር የዞረው። የሜትሮው የመጀመሪያ ትልቅ ካርታ የጸደቀው ማርች 1 ቀን 1968 ነው። ይሄን ቀን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በዚያው ወር የሃዋርድ ተማሪዎች የአስተዳደር ሕንፃውን ይዘው ቀናት ቆዩ። የሚገርመው፣ በዚያው ወር አዲስ አበባም ዩኒቨርሲቲው ግቢ በፋሽን ትርዒት ሰበብ ተማሪው ተነስቶ ነበር። ከመካከላችን ያኔ እዚያ የነበረ አለ፤ ስም አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል! ሰሞኑ እንደዚያ ነበር። ማርች 31፣ እሑድ ጠዋት፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ዲሲ መጥተው ናሽናል ካቴድራል ሰበኩ። ማታውን ጆንሰን በቴሌቪዥን ቀርበው "ሁለተኛ አልወዳደርም" አሉ። አንድ ቀን ውስጥ ነው ይሄ ሁሉ።

ከአራት ቀን በኋላ ኪንግን ሜምፊስ ላይ ገደሏቸው።

ሁለተኛው ነጥብ ይሄ ነው። ውሃ ልጠጣ።

ኤፕሪል 4፣ ሐሙስ። ወሬው ዲሲ የገባው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፎ ነው። 14ኛው መንገድና ዩ ስትሪት የሚገናኙበት ጥግ ያኔ አውቶቡስ መቀየሪያ ነው፣ ሁሌ ሰው ሞልቶ ያመሻል። ስቶክሊ ካርማይክል የሚባል የጥቁሮች መብት ታጋይ፣ የሃዋርድ ምሩቅ ነው፣ የድርጅቱ ቢሮ እዚያው ቅርብ ነበርና ሰው አስከትሎ ወጣ። ሱቅ በሱቅ እየገቡ "ኪንግ ሞቷል፣ ለክብሩ ዝጉ" ይላሉ። ሱቆቹም ይዘጋሉ። መጀመሪያ የነበረው ይሄ ነው፤ ለቅሶ ነበር። እኛ ለቅሶን እናውቃለን። ሰው ሲሞት ሱቅ ይዘጋል አይደል? ከዚያ ጥጉ ላይ ያለው የመድኃኒት መደብር መስተዋት ተሰበረ። ከዚያ ሌላ ተሰበረ።

ሌሊቱ እንደምንም አለፈ። ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ሥራ ተገባ። እኩለ ቀን ላይ ጭስ። 14ኛው መንገድ፣ 7ኛው መንገድ፣ በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ኤች ስትሪት፣ ሦስቱም ነደዱ። የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ በአንዴ ወደ ቤቱ ሊሄድ ወጥቶ መንገዱ ተዘጋጋ፤ የእሳት አደጋ መኪና በየት ይለፍ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በ1988 ይመስለኛል፣ አንድ አዛውንት ከሆስፒታል አሳፈርኩ። ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጫማቸው የሚያበራ። በ14ኛው መንገድ ቁልቁል ስንወርድ "ቀስ ብለህ ንዳ" አሉኝ። ያኔ ሜትር የለም፣ ዞን ነው፤ ቀስ ብነዳም ብበርም ሒሳቡ ያው ነው፣ ስለዚህ ለእሳቸው ምንም አያስከፍላቸውም፣ እኔን ግን ጊዜ ይበላኛል። ቅር እያለኝ ቀነስኩ። እሳቸው በመስኮቱ እያዩ መቁጠር ጀመሩ። "ይሄ የጫማ ሱቅ ነበር።" ባዶ ቦታ ነው፣ ሣር በቅሎበታል። "ይሄ የቤት ዕቃ ነበር። በዱቤ ይሰጡናል፣ ይሰርቁናልም።" ጣውላ የተመታበት ቤት ነው። "ይሄ የልብስ ንጽሕና ነበር። የወንድሜ ሱፍ እዚያ ውስጥ ቀርቷል።" እንዲህ እያሉ እስከ መጨረሻው። ሃያ ዓመት አልፎታል እኮ! እኔ በየቀኑ በዚያ መንገድ እመላለሳለሁ፤ የማየው ባዶ ቦታ ነው። እሳቸው የሚያዩት ሱቅ ነው። ሲወርዱ ዞር ብለው "ከየት ነህ?" አሉኝ። "ከኢትዮጵያ።" "እንግዲያው አንተም የተቃጠለ ነገር ታውቃለህ" አሉኝና ሄዱ።

ጆንሰን ወታደር አስገቡ። ከብሔራዊ ጥበቃው ጋር 13,600 ገደማ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ ወዲህ አንድ የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ያን ያህል ወታደር ገብቶ አያውቅም። ካፒቶሉ ደረጃ ላይ መትረየስ ተጠምዷል። መትረየስ! እኔ ፎቶውን ሳይ ትዝ ያለኝ ዋሽንግተን አይደለም፣ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰዓት እላፊ ታወጀ። ከአሥር በላይ ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኞቹ እሳት ውስጥ ነው። ከ1,000 በላይ ቆሰሉ፣ ከ6,000 በላይ ታሰሩ፣ 1,200 ገደማ ሕንፃዎች ተጎዱ።

የሞተው ሰው ከዚህ እጥፍ ድርብ ሊሆን ይችል ነበር። የኤፍ.ቢ.አይ. ኃላፊው ኤድጋር ሁቨር የሚዘርፈው እንዲተኮስበት ፈልገው ነበር። ዋልተር ዋሽንግተን እንቢ አሉ። ያ ሀብሐብ የተላከባቸው፣ ማንም ያልመረጣቸው ከንቲባ፣ ዕቃ ይተካል ሰው አይተካም ብለው እንቢ አሉ። እኔ ለዚህ ሰው ሐውልት ቢቆም አይበዛበትም ባይ ነኝ። በ1974 ሕዝቡ በመጨረሻ የመምረጥ መብት ሲያገኝ መልሶ መረጣቸው፤ እንዲህ ነው ውለታ።

ሱቅ ያላቸው ጥቁሮች መስተዋታቸው ላይ "ሶል ብራዘር" ብለው ይጽፉ ነበር። "እኔም ወንድም ነኝ፣ አታቃጥሉኝ" ማለት ነው። ቤንስ ቺሊ ቦውል ታውቁታላችሁ፣ ዩ ስትሪት ላይ ያለው። ቤን አሊና ባለቤቱ ቨርጂኒያ በ1958 የከፈቱት ነው። እነሱም መስተዋታቸው ላይ ጻፉ። ሰዓት እላፊው ሁሉንም ሲያዘጋ እነሱ ክፍት እንዲያደርጉ ተፈቀደላቸው። ፖሊሱም ይበላል፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛውም ይበላል፣ ቁጣውን መንገድ ላይ ሊያበርዱ የሚሞክሩት ወጣቶችም ይበላሉ። አንድ ባንኮኒ ላይ። ምግብ ቤት ያላችሁ እስቲ አስቡት፤ ሠፈራችሁ እየነደደ ምድጃ ላይ ቆማችሁ ሌሊቱን ስታወጡ።

የጎረቤቴን ነገር ልንገራችሁ። ቤት ከገዛሁ ጀምሮ አጥር የምንጋራት ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ በዕድሜ እኩያዬ ናት። በ1968 አሥር ዓመቷ ነበር። ዓርብ ዕለት ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ እናቷ መጥታ በእጇ ይዛት እየሮጡ ሄዱ። እቤት ሲደርሱ የታጠበ አንሶላ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ጥቁር ብናኝ እንደ በርበሬ ዱቄት ላዩ ላይ ይዘንባል። እናትየው አንሶላውን አወረደች፣ እንደገና አጠበች፣ ውስጥ ቤት ሰቀለችው። እሑድ ድረስ ሦስት ጊዜ አጠበችው፤ ጭሱ አልለቅ አለ። "እናቴ ስታለቅስ ያየሁት ያኔ ነው" አለችኝ። "ለኪንግ አላለቀሰችም፣ ጊዜ አላገኘችም። ለአንሶላው አለቀሰች።"

ያ እሑድ የእነሱ ሆሳዕና ነበር። ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሶ ከፍርስራሹ መሀል በእግሩ ሄደ። ከሁለት ወር በኋላ እሱም ተገደለ፣ ሬሳው በባቡር ዲሲ ገባ። የዚያ ዓመት ነገር እንዲህ ነው፣ ለአንዱ አልቅሰህ ሳትጨርስ ሌላው ይመጣል።

እጅ ያነሳኸው ልጅ፣ ምን አልክ? "ሰዓት አለቀ?" ገና ነኝ፣ አሥር ደቂቃ ጨምሩልኝ።

በሜይ ወር ደግሞ ኪንግ ከመሞታቸው በፊት ያቀዱት የድሆች ዘመቻ መጣ። ድሀው ሕዝብ ከየአቅጣጫው መጥቶ ሊንከን ሐውልት አጠገብ በጣውላ ጎጆ ሠርቶ ሰፈረ። ትንሣኤ ከተማ አሏት። ዝናቡ አልቆም አለ። ከሳምንታቱ አብዛኛው ቀን ዘነበ፣ ሜዳው ጭቃ ሆነ። የሮበርት ኬኔዲ ሬሳ ወደ አርሊንግተን ሲያልፍ እነዚያ ሰዎች ጭቃው ውስጥ ቆመው ሸኙት። ጁን 24 ፖሊስ መጥቶ አነሳቸው። ናሽናል ሞል ላይ ያንን ሣር ስትረግጡ አስቡት፤ ምንም ምልክት የለውም ማለት ይቻላል።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። ጁን 24 እነዚያን አነሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ጁላይ 1 ቀን 1968፣ ምን ሆነ? ማንም ያላስተዋለው ነገር። ጆንሰን በ1965 የፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ኮታ በዓመት ስንት እንደነበር ታውቃላችሁ? 100 ሰው። መቶ! ይሄ አዳራሽ ብቻ የሁለት ዓመት ኮታ ነው። ያ ኮታ የተነሣው በዚያ ዓመት ነው። ያው ፕሬዝዳንት፣ ያው ከተማ፣ ያው 1968። ጭሱ ገና ከግድግዳው ሳይለቅ ለእኛ በሩ ተከፈተ። ያኔ የሚመጣው ተማሪና ዲፕሎማት ነው፣ ጥቂት ነው። ብዛት የመጣነው ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ነው፣ በስደተኛነት፣ ከዚያ በዲቪ። ግን በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። የከፈተውም ማን ነው? ያ የመብት ትግል ነው። በቆዳ ቀለም መምረጥ ነውር ነው ብሎ አገሩን ያሳፈረው ትግል።

ሦስተኛው ነጥብ ውስጥ ገብቻለሁ መሰለኝ፣ ሳላስታውቅ።

ከእሳቱ በኋላ ምን ሆነ? ምንም። መልሱ ይሄ ነው፣ ምንም። ኒክሰን የፕሬዝዳንትነቱን ሥልጣን ይዘው ገና ወሩ ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 1969 መጨረሻ፣ 7ኛው መንገድ መጥተው ፍርስራሹን ጎበኙ፣ ፎቶ ተነሱ። ባዶ ቦታው ግን ባዶ ሆኖ ቀረ። አንድ ዓመት አይደለም፣ አምስት ዓመት አይደለም፣ አንዳንዱ ሠላሳ ዓመት። ባለሱቆቹ ብዙዎቹ አልተመለሱም። አቅም ያለው ሕዝብ ለቀቀ። በ2000 ቆጠራ ከተማው 572,059 ሰው ቀርቶታል። 14ኛው መንገድና ዩ ስትሪት ጥጉ ላይ ትልቅ የመንግሥት ሕንፃ የተከፈተው በ1986 ነው፤ ከንቲባ ማሪዮን ባሪ ናቸው ያሠሩት፣ ሠፈሩን መልሶ ለማንሳት ብለው። ሜትሮውስ? ካርታው በ1968 ጸድቆ፣ የመጀመሪያው ባቡር በ1976 ሄዶ፣ ዩ ስትሪት ጣቢያ የተከፈተው በ1991 ነው። በ1991! ያ ሁሉ ዓመት ሲጠብቁ፣ በመጨረሻም መንገዱ ተቆፍሮ እሳቱን የተረፈው ሱቅ ደንበኛ አጥቶ ሲዘጋ። ቁፋሮው እኔን ራሴን ስንት ጎማ አስገዝቶኛል።

እንግዲህ ኪራዩ ለምን እንደረከሰ አሁን ገባችሁ?

የእኛ ሰው መጀመሪያ አዳምስ ሞርጋን ነበር፣ 18ኛው መንገድ። ኪራዩ ሲንር ቁልቁል ወረድን፣ ዩ ስትሪት፣ ዘጠነኛው መንገድ። ያኔ ማታ ማታ ሰው የማይቆምበት ቦታ ነው፣ እኔ ራሴ ተሳፋሪ ሳወርድ በር ቆልፌ ነበር። ቤቶቹን አደስን፣ መብራት አበራን፣ ሽሮውን ሰራን፣ ልጅ አሳደግንበት። ይሄ ውሸት ነው? አይደለም። ላባችን ነው። ማንም አይቀማንም። ግን ላብ ብቻ አይደለም። ያ ርካሽ ኪራይ የሌላ ሰው ኪሳራ ነበር።

በ2005 ዘጠነኛው መንገድ "ትንሿ ኢትዮጵያ" ይባል የሚል ነገር ተነሣ፣ ታስታውሳላችሁ። ሎስ አንጀለስ አግኝቷል፣ እኛ ምን ጎደለን? እኔም ደጋፊ ነበርኩ፣ ወረቀት ፈርሜአለሁ። የሠፈሩ ነባር ጥቁሮች ተቃወሙ። እኛ ደግሞ ተቆጣን። "ጠሉን፣ ቀኑብን" ተባለ። ታክሲ ተራ ላይ ያልተባለ የለም፤ እኔም ብያለሁ፣ አልክድም።

አንድ ቀን ማታ አጥር ላይ ተደግፌ ይሄንኑ ለጎረቤቴ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። አልተከራከረችኝም። "ቆየኝ" ብላ ገባች። መጽሐፍ ቅዱስ ይዛ ወጣች። የእናቷ ነው፣ ጀርባው በፕላስተር የተያያዘ። ውስጡ አንድ ደረሰኝ አለ። ቢጫ ሆኗል፣ መታጠፊያው ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ለፋሲካ የሚለበስ የልጅ ቀሚስ ነው፤ እናቷ ቀብድ ከፍላ ሱቁ እንዲያስቀምጥላት አድርጋ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ትከፍላለች። እዚያ ዘመን ድሀ ልብስ የሚገዛው እንዲያ ነው። የእነሱ ፋሲካ በዚያ ዓመት ኤፕሪል 14 ነበር። አራት ዶላር ተከፍሏል፣ ሦስት ቀርቷል። ቀሚሱም፣ አራቱ ዶላርም፣ ሱቁም ዓርብ ዕለት አብረው ሄዱ።

"እናንተን አልጠላናችሁም" አለችኝ። "ስሙን ስትቀይሩት ግን እኔ ይሄን ወረቀት የት ነው የማደርገው?"

ደረሰኙን ተቀብዬ መነጽሬን አደረግሁ። ከላይ የሱቁ ስም አለ፣ ሥሩ አድራሻው። 7ኛው መንገድ፣ ሰሜን ምዕራብ። ቁጥሩን አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት።

እኔ ይሄን አገር እንደረገጥኩ መጀመሪያ የሠራሁት ፓርኪንግ ብያችኋለሁ። ባዶ ሜዳ ነው፣ አስፋልቱ የተሰነጣጠቀ፣ ጥግ ላይ አንድ ሰው ቁጭ የሚልባት ቡዝ አለች። ክረምት እግሬን በካርቶን ጠቅልዬ እዚያች ውስጥ እንግሊዝኛ አጠና ነበር። በቀን መቶ፣ ሁለት መቶ ቲኬት እቀዳለሁ። እያንዳንዱ ቲኬት ላይ የሜዳው አድራሻ ታትሟል። ቁጥሩን ተኝቼም አውቀዋለሁ። ያው ቁጥር ነው።

ምን ልበላት? ምን ትሏት ነበር እናንተ? እኔ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ቀሚሱ ቀለሙ ምን ነበር?" አልኳት።

"ቢጫ" አለችኝ። "ኪስ ነበረው። ኪስ ያለው ቀሚስ ኖሮኝ አያውቅም ነበር።"

እሺ፣ ቡናው ደርሷል መሰለኝ፣ ሽታው መጥቷል። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። ማይኩን ለዚያች ልጅ ስጡልኝ።